ጎን ለጎን

ክላክስ ሲጮህ ሾፌሩ ክው አለ። እንቅልፍ እንዲያባርርለት የያዘው ቬፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራው፣ እግሩ ሥር ወድቆ ነበር። ዞር ሲል የድርጅታቸው ሌላ ተሳቢ ከጎኑ ተለጥፎ አየ፤ መኪናውን የሚነዱት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው አንጋፋ ሾፌር ነበሩ። ድርጅቱ የመኪኖቹን ሁሉ ፍጥነት ከሰማንያ እንዳያልፍ አድርጎ ስላሰረው፣ አንዱ ሌላውን ልለፍ ባለ ቁጥር እንዲህ ጎን ለጎን ይቀሩ ነበር።

የመገናኛ ሬዲዮውን አነሳ። «ጋሼ፣ ማለፍ ካቃተዎት ከኋላዬ ይግቡ እንጂ፣ ምን ያስጮህዎታል? ቬፔን አስጣሉኝ እኮ።»

«ልጄ፣ ከእጅህ ሲወድቅ አይቼ ነው ክላክስ ያደረግሁት» አሉ ሽማግሌው። «ዓይንህ ተከድኖ ነበር።»

ሾፌሩ መሪውን ጨብጦ የፍጥነት መቁጠሪያውን አየ። ከጠዋት ጀምሮ ሲረግመው የዋለው የፍጥነት መርፌ ሰማንያ ላይ ቀጥ ብሏል። ገደቡ ትንሽ ላላ ቢል ኖሮ ጋሼ ገና ድሮ አልፈውት ሄደው ነበር። መርፌው ያለበትን መስታወት በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳበሰው።

«የሚቀጥለው ማረፊያ ላይ ገብተን ትተኛለህ» አሉት።

«እሺ ጋሼ። እስከዚያ ግን አደራ፣ አይለፉኝ።»

«ልለፍህ ብልስ» አሉ ሽማግሌው ሳቅ እያሉ፣ «ይሄ መኪና መቼ እሺ ይለኛል?»