የሚጫወተው አባባ

«ትናንት መሬት ወርደህ ከሶስና ጋር ብይ ስለተጫወትክ ተባረክ» አለችው ሚስቱ ስንዱ።

ልሳነወርቅ ክው አለ። እሱ መሬት ላይ ከተቀመጠ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መቶ ስድሳ ኪሎ ሰው አንዴ ከወረደ ማን ያነሳዋል?

«እኔ አልነበርኩም። ሰዓቱ ገና አላለቀም ነበር» አላት።

የስንዱ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

ዘመኑ ሰው አካሉን ለአንድ ሰዓት አስረክቦ እሱ የሚተኛበት፣ ተራማጅ የሚባል ቅጥረኛ ደግሞ በዚያው አካል ገብቶ የሚራመድለት ዘመን ነው። ሐኪሟ ልሳነወርቅን «ልብዎ ደክሟል፤ ሳይቸኩሉና ሳይራቡ በቀን አስር ደቂቃ ይራመዱ» ብላው ነበር። እሱ ግን ሰፈሩ ሲስቅበት ላለመስማት ተራማጅ ቀጠረ። መተኛቱንማ ማን ብሎት!

ኪሎው መቀነሱን ቀንሷል። ዛሬ ጠዋት ግን ትንሿ ልጁ ሶስና «አባባ፣ የሚጫወተው አባባ መቼ ይመጣል?» ስትለው ቀልድ መስሎት ስቆ ነበር። አሁን ገባው።

ብድግ ብሎ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ እያየው እስከ አጥሩ ጥግ በራሱ እግር ሄደ። እዚያ ሲደርስ ግንቡን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲመለስ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ስንዱ ፊት ቆመ።

«ያንን ሰውዬ አሰናብቺው፤ ነገም ራሴ እወጣለሁ። ልሙት አልሙት ግን አላውቅም። ስንዱዬ፣ በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ፤ ከእሱና ከእኔ የትኛችን ይሻልሻል?»

ስንዱ ላቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«እሱ ሲያንኮራፋ ሰምቼው አላውቅም።»