ደረጃ ሦስት፦ ድንች

"ከዛሬ ምሳ ጀምሮ ድንች በዚህ ቤት ውስጥ የአትክልትነት መብቱን ተገፏል" ይላል ሽጉጤ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ። "ድንች ዳቦ ነው። አፈር ውስጥ የተደበቀ ዳቦ።"

አዋጁን የሚሰሙት ሚስቱ ኤርጎጌና የለስላሳው ማቀዝቀዣ ናቸው። ይህ ደረጃ ሦስት ነው። በደረጃ አንድ ስኳር ከሻይ ወጣ፤ በደረጃ ሁለት የጠዋት ዳቦ ተሰናበተ። መንግሥት ሎክዳውኑን በደረጃ ሲያጠብቅና ሲያላላ በከረመበት በደቡብ አፍሪካ፣ አንድ የጻካኔ ሰፈር ባለሱቅ ሆዱን በደረጃ ቢዘጋ ምን ይገርማል። እንጀራ የሚነካው ደረጃ አምስት ላይ ነው፤ ስለ እሱ ገና አይወራም።

ሽጉጤ ማስረዳት ይወዳል። የበቆሎ ዱቄት ሊገዙ ለሚመጡ ጎጎዎች፣ ለሰፈሩ አሮጊቶች ሳይቀር፣ ዱቄት ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር እንደሚሆን በተሰባበረ ዙሉ በፍርግርጉ ቀዳዳ ያስረዳቸዋል። ከዚያ ዱቄቱን ይሸጥላቸዋል።

ቀስ በቀስ ቀንስ ያለው ዶክተር ፍቅሬ ነው፣ ከተማ ሆስፒታል የሚሠራው ያገራቸው ልጅ። ሁሉንም በአንዴ ከተውከው በሳምንትህ ትመለስበታለህ ብሎ በስልክ መከረው። ከዚያ ኤርጎጌን አቅርብልኝ አለና ለእሷ ሌላውን ነገራት። ሦስተኛው የኮሮና ማዕበል እየመጣ ነው፤ ስኳሩ ሳይወርድ በሽታው ከያዘው መጨረሻው እንደ ወንድሙ ነው።

ወንድሙ ማናሴ በጥር፣ በእግሩ ሄዶ ሆስፒታል ገባ። እሱም ስኳር ነበረበት። የመለሱላቸው በፕላስቲክ ታሽጎ ነው። ቀብሩ ላይ ምእመናኑ ተራርቀው ቆመው በማስክ ውስጥ ዘመሩ፤ የመዝሙሩ ቃል አይሰማም ነበር።

ስለዚህ ኤርጎጌ የምትጠብቀው ቁጥር ነው። ዛሬ ጠዋት ጣቱን ወግታ ለካችው፤ ካለፈው ሳምንት ጨምሯል። ያለፈው ሳምንትም ከዚያ በፊት ከነበረው ጨምሮ ነበር። ማዶ ሱቅ ያለው አቢሶ ይህን ሲሰማ፣ የመንግሥትም እኮ እንዲሁ ነው፣ ባጠበቀ ቁጥር ቁጥሩ ይወጣል ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ምሳውን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ታቀርባለች። ጥቅል ጎመን በድንች፣ ትንሽ ሥጋ፣ ሙሉ እንጀራ በትሪ። አዋጁ የወጣው ወጡ ከበሰለ በኋላ ነው። ትሪው የሁለቱ ወንድማማቾች ትሪ ነው፤ እጇ ለአንድ ሰው ማቅረብን ገና አልለመደም፤ ወጡን አሁንም በሁለት በኩል ታወጣለች።

ሽጉጤ በለስላሳ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ይጸልይና ድንቹን ከፊቱ ማንሣት ይጀምራል። አንድ በአንድ፣ በጣቱ ጫፍ፣ ሰው ድንበር እንደሚያሻግር ደላላ ግራና ቀኝ እያየ፣ ወደ ትሪው ማዶ ያሻግረዋል። ከእንጀራው ጫፍ ጫፉን ብቻ ይቆርሳል።

"አየሽ?" ይላታል።

ታያለች። ማዶ የሚቀረውን ምን እንደሚያደርገው ጠይቃው ታውቃለች፤ ለውሻው ነው ብሏታል። ማናሴ ያላመደው፣ ጓሮ የሚተኛው ውሻ።

ድስቱን ልታጥብ ወደ ጓሮ ትወጣለች። የሰኔ ብርድ ነው፣ የቧንቧው ውሃ ጣት ይቆርጣል። ውሻው ከቧንቧው ሥር ተነሥቶ እጇን እጇን ያያል። ጎድኖቹ በቆዳው ላይ ተሰልፈዋል። ይህ እንጀራ ሲበላ የከረመ ውሻ አይደለም።

ድስቱን እዚያው ትታ ትመለሳለች።

የሽጉጤ ሳጥን ባዶ ነው። ሽጉጤ ትሪውን ዞሮ፣ በማናሴ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ድንቹን በእንጀራ እየጠቀለለ ይጎርሳል፣ ቶሎ ቶሎ፣ ማናሴ ይጎርስ እንደነበረው። ጉልበቱ ሥር የተከፈተ ብርቱካን ለስላሳ አለ። ሽጉጤ የብርቱካን ለስላሳ አይወድም።

በእነሱ ቤት ከሰው ፊት መቁረስ ነውር ነው፤ የሚበላው በፊት ያለው ነው። ማናሴ ዕቃ ሊያመጣ ጀርሚስተን ሄዶ የቀረ ቀን፣ ሽጉጤ የራሱን ጨርሶ ይነሣና ዞሮ፣ በወንድሙ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ድርሻውን ይጨርስለት ነበር፤ የወንድም ድርሻ አይጣልም። እጁን ብትዘረጋው ይደርሳል እኮ እያለች ኤርጎጌ ትስቅበት ነበር።

ጠዋት ያየችው ቁጥር የሁለት ሰው ቁጥር ነው።

"ድንች ታግዷል አላልክም?"

"በእኔ በኩል" ይላል፣ ጉንጩ ሙሉ ሆኖ።

የተረፈው መቀመጫ የሽጉጤ ሳጥን ብቻ ነው። ታየዋለች እንጂ አትቀመጥበትም። ዶክተሩ በስልክ ለብቻዋ ያላትን፣ እስከ ዛሬ አፏ ላይ ያላመጣችውን፣ አሁን ሁሉንም ትነግረዋለች። እሱ ይሰማል። ለውሻው ነው ስላለውም ትጠይቀዋለች፤ ሌላ ድንች ይጠቀልላል።

"ነገ በትንሹ ሳህን ነው የማቀርብልህ" ትላለች። "ለአንድ ሰው።"

መጎረሱን ያቆማል። ፊት ለፊት አንድ ደንበኛ ፍርግርጉን በሳንቲም ይመታል፤ ግማሽ ዳቦ ፈልጎ ነው። ሽጉጤ አይነሣም።

"በትሪው አቅርቢ።"

"ለምን? ለሰው ሁሉ ታስረዳ የለ። እኔንም አስረዳኝ።"

የመጨረሻውን ድንች ያነሣል፤ በቀረችው እንጀራ ወጡን ጠርጎ ያጸዳል።

"አላስረዳም።"