«አላለፉም» የማይል ገጽ

ታሪኩን የሰማሁት ከሰው ነው፤ አንዳንዱን ቃል ተሳስቼ ላስታውስ እችላለሁ...

«ኔትወርክ ነው እንዴ ወንድሜ?»

ልጅቷ ስልኳን ወደ ሀቢቡ አስጠጋች።

ሀቢቡ ቡታጅራ መናኸሪያ አካባቢ ባለ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚማር ጀማሪ ነው።

ለነጻ ሥልጠና የተፈተኑ ሰዎች ውጤታቸውን የሚያዩበትን ገጽ የሠራው እሱ ነው... የመጀመሪያ ሥራው።

ልጅቷ ከድጄ ትባላለች፤ የመጣችው ከመስቃን ገጠር ነው።

የፈተና ቁጥሯን አስገብታ «ውጤት» የሚለውን ተጫነች... ገጹ ዝም አለ።

ከረቡዕ ጀምሮ እንደዚሁ ነው አለችው። የጎረቤት ስልክ ተውሳም ሞክራለች።

ሀቢቡ በቁጥሯ ውጤቷን ከኮምፒውተሩ አየ።

አላለፈችም።

«እስቲ ነገ ደግሞ ሞክሪው» አላት።

አመስግናው ሄደች።

ቀኑ ዓርብ ነበር።

አስተማሪው ታምሩ ይህን ሲሰማ ኮዱን አስከፈተው።

ኮዱ ውስጥ «ኢፍ» የሚል ትእዛዝ አለ፦ ውጤቱ ሃምሳና ከዚያ በላይ ከሆነ «እንኳን ደስ አለዎት» በል ይላል።

ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«‹ኤልስ› የሚለውስ የት አለ? ካልሆነ ምን ይበል? ረሳኸው?»

«አልረሳሁም ቲቸር...»

«እና?»

«አላለፉም ብዬ መጻፍ ከበደኝ። ሰው እንዴት እንደዚህ ይባላል?»

ታምሩ ሳቅ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተሩን ይሉኝታ አስተማርከው እኮ።»

ከዚያ ሳቁን ትቶ ዛሬውኑ ጻፈው አለው።

ሀቢቡ እሺ አለ... ግን ለስለስ ያለ ቃል ሲፈልግ ቅዳሜም እሁድም አለፈ።

ሰኞ ጠዋት «አላለፉም» ብሎ ጻፈው።

ከድጄ ረፋዱ ላይ መጣች። እዚያው ፊቱ ቆማ አነበበችው።

አላለቀሰችም።

«ውጤቴ ረቡዕም ይኸው ነበር?»

አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አጎቷ ወልቂጤ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ነይና ሥሪ እያሉ በየቀኑ ሲደውሉላት ነበር። እሷ ደግሞ ውጤት አልመጣም፣ ትንሽ ይጠብቁኝ ትላለች። አሁን ሌላ ሰው ቀጥረዋል።

«ብትነግረኝ ኖሮ አንድ ቀን አዝኜ ወደ አጎቴ እሄድ ነበር» አለችው።

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ሀቢቡ ወንበሩ ላይ ቀረ። ማዘን እንዳለበት ያውቃል... ግን ምንም አልተሰማውም።

ሌላ ሰው ገብቶ ቁጥሩን ነገረው። ሀቢቡ አየለት።

«አላለፍክም» አለው።

ወዳጆቼ... መልሱ መጥፎም ቢሆን ለሚጠብቅ ሰው በጊዜው ንገሩት። እንዳይከፋው ብላችሁ ዝም ስትሉት፣ ሌላው በር እየተዘጋበት ነው።

እናንተስ «አይሆንም» ማለት ከብዷችሁ ዝም ያላችሁት ሰው አለ? እስካሁን እየጠበቀ ይሆን? ኮመንት ላይ ጻፉልን።

በኋላ ደውዬ ያጣራሁት አንድ ነገር አለ፦ የወልቂጤው ሱቅ ሌላ ሰው የቀጠረው እሁድ ከሰዓት ነው፤ ዓርብ ቦታው ገና ክፍት ነበር።