ሃያ ትከሻ

«ቀስ! ቀስ በሉ!» ይላል ከፊታችን ደወል የያዘው ማስትሮ ኒኖ። ማርያምን፣ በዚህ የነሐሴ ፀሐይ ሰባት ኩንታል ሐውልት ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሰው «ቀስ በል» ይባላል? ሃያ ነን፣ በየጎኑ አስር። እኔ የግራው መጀመሪያ ነኝ፤ ትከሻዬ ላይ ትራስ፣ ትራሱ ላይ ወፍራም እንጨት፣ እንጨቱ ላይ ቅዱሳችን ሳን ሮኮ ከነውሻው።

ከመታጠፊያው በፊት የዶን ጋስፓሬ ቤት አለ። እዚያ ስንደርስ ደወሉ አንዴ ይመታል፣ እንቆማለን። የፊተኞቹ ጉልበታችንን አጠፍ ስናደርግ ቅዱሱ ለሰገነቱ እጅ ይነሳል። ሁለቴ ሲመታ እንሄዳለን። ይህን ማን እንዳዘዘ የሚያውቅ የለም። ቄሱን ብትጠይቁ «የሕዝቡ ልማድ ነው» ይላሉ፤ ኒኖን ብትጠይቁ «የኔ ሥራ ደወል መምታት ነው»። አሮጊቶቹማ «ቅዱሱ ራሱ ነው የሚቆመው» ብለው ይምላሉ። እኛ ተሸካሚዎቹ የዶን ጋስፓሬ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ነን፤ ጉሮሯችን በእጁ ነው።

እህቴ ኑንዚያታ ትናንት ትራሴን እየሰፋችልኝ፣ «ቱሪ፣ ዘንድሮ ለዚያ ሰው እንዳትሰግድ» አለችኝ። ልጇ ሳሮ በመጋቢት ካባው ውስጥ ገመድ ተበጥሶበት ነው የሞተው። ገመዱ ማርጀቱን ለዶን ጋስፓሬ ነግረነው ነበር። «እስከ ፋሲካ ያደርሰናል» አለን። ለቀብሩ ትልቅ አበባ ላከ።

«ከሃያው አንዱ ትከሻ ነኝ፣ እህቴ። ምን ላድርግ?» አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ሁላችሁም የምትሉት ይህንኑ ነው» አለች። አፈርኩ።

ደረስን። ዶን ጋስፓሬ ሰገነቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስነጥፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ይጠብቃል። ኑንዚያታ ጥቁር ለብሳ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ናት። ደወሉ አንዴ መታ።

አልቆምኩም። ጀግንነት አይምሰላችሁ። አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ፊት አልኩ። እንጨቱ ተንጋደደ፣ ቅዱሱ ዘመመ፣ ሴቶቹ እሪ አሉ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ቁም!» አለ ከኋላዬ ያለው ኮላ። «ሥራ ልታስፈታን ነው?»

«አልቆምም።»

«ይወድቃል እኮ!»

«እንግዲያው አትጣለው።»

ኮላ እናቴን ጠርቶ ሰደበኝና ሐውልቱን ሊያቃና እሱም ተራመደ። ከሱ ኋላ ያለው ተከተለ። በቀኝ ያሉት እንዳይጫናቸው ተራመዱ። ሃያ ሰው፣ አንዳችንም ደፍረን ሳይሆን፣ ቅዱሱ እንዳይወድቅ ብለን ሰገነቱን አለፍን። ኒኖ ደንግጦ ደወሉን ደገመው። ሁለት ደወል ደግሞ «ሂዱ» ነው፤ ሄድን።

ነገ ከካባው ስባረር ታየኝ። ያኔ አንዷ አሮጊት «አበስኩ ገበርኩ! ቅዱሱ ዘንድሮ አልቆምም አለ!» ብላ ጮኸች። «አልቆምም አለ!» አለ ሌላው፣ ከዚያ መንገዱ ሙሉ። ኮላ እንኳ ወደ ሰገነቱ ቀና ብሎ «እምቢ አለን እኮ፣ ጌታዬ! ምን እናድርግ?» ይል ነበር።

እንጨቱ አንገቴን ይዞኝ ዘወር ማለት አልቻልኩም። መታጠፊያው ላይ ስንዞር ብቻ መንገዱን በጎን አየሁት። ሰዉ ሁሉ እኛን ተከትሎ ሄዷል። ከሰገነቱ ስር የቆመችው ኑንዚያታ ብቻ ናት፣ ቀና ብላ እያየችው። ዶን ጋስፓሬ ባርኔጣውን ገና አላጠለቀም።