ዱካ የሌለው ጃርት

ሹፌሩ ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ መኮትኮቻ የጨበጠው ሚስቱ ከደረጃ ወድቃ አልጋ ከያዘች በኋላ ነው። ያኔ የመኪናውን ቁልፍ ለአለቃው አስረክቦ ቤት ዋለ። ጠዋት ጠዋት አቅፎ ያነሳትና መስኮት ሥር ወንበር ላይ ያስቀምጣታል፤ ከዚያ ጓሮ ይወርዳል።

ለአትክልት እንግዳ ነበር። ካሮቱን አጠጋግቶ ዘራ፤ ጎመኑን በውኃ ብዛት ሊገድለው ምንም አልቀረው። ቢሆንም በቀለለት።

ደስ ብሎት ለሚስቱ ያሰበውን ነገራት። በባዶ ጓዳ ሰው አይጠራም፤ ጓሮው ሲደርስ ግን እህቷ መጥታ አብራት ትቀመጣለች፣ እሱም ወደ መኪናው ይመለሳል። አለቃው እስከዚያ ቦታውን ሊጠብቅለት ቃል ገብቷል። ሚስቱ ጥሩ ነው አለችው።

በሳምንቱ ካሮቱ ይነቀል ጀመር።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው መጥቶ የተቆፈረውን አየና ጃርት ነው አለ። እሾህ እንዲያጥር፣ ዱካው እንዲታይም አመድ እንዲበትን መከረው። ሹፌሩ እጁ እስኪደማ አጠረ፤ አመዱንም በተነ። በማግሥቱ ገበያ ደርሶ ሲመለስ አንድ መደብ ሙሉ ተነቅሏል፤ ወደ መኪናው መመለሱም በዚያው ተራዘመ። አጥሩ አልተነካም። አመዱ ላይ የአንዲት ወፍ ዱካ እንኳ የለም፤ ለጥ ብሎ ተስተካክሏል።

ጃርት ዱካውን አይጠርግም።

ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ነገር ማውጣትና ማውረድ ያዘ። ጥፋቱ የሚደርሰው እሱ ከቤት ሲወጣ ብቻ ነው። መውጫ መግቢያውን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው፣ ልብስ ሰፊው ነው፤ እሱ ጥንቸል ያረባል፣ ባለፈው ሳምንትም ገበያ የምትሄደው መቼ ነው ብሎ ጠይቆታል።

ሚስቱን ምን አየሽ አላት። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር አለች። ቆየት ብላ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልብስ ሰፊውን አጥሩ ጋ ያየሁት መሰለኝ። እንዳትጣሉ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሹፌሩ ደሙ ፈላ። የሃያ ዓመት ጉርብትና ነበራቸው፤ ሚስቱ የወደቀች ዕለት ሐኪም ቤት ያደረሳት እንኳ ይኸው ሰው ነው። ሄዶ ፊት ለፊት ሌባ አለው።

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ።

«አመድ በትን ብዬ ብመክርህ እጄ አመድ አፋሽ ሆነ» አለ። «ነገ ገበያ ሄድኩ ብለህ ውጣ። ከዚያ ዞረህ እኔ ቤት ግባ። አብረን እናያለን።»

በነጋታው ረፋዱ ላይ ሁለቱ ከስፌት መኪናው ጀርባ፣ ጓሮውን ከሚያሳየው መስኮት ሥር ተቀመጡ። ሹፌሩ ከጓሮው ይልቅ የልብስ ሰፊውን እጅ ያይ ነበር። ሳያታልለኝ አይቀርም ብሎ አስቧል። ብዙ ቆዩ። ማንም አልመጣም፤ ሹፌሩ ሊነሳ ሲል ልብስ ሰፊው ክንዱን ያዘው።

«ምንም አትናገር። ዝም ብለህ እይ።»

የጓሮው በር ተከፈተ፤ ጠዋት አቅፎ ወንበር ላይ ያስቀመጣት ሚስቱ ግራ ቀኝ አየችና መጥረጊያ በእጇ ይዛ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ ካሮቱ ሄደች።