አንድ እጅ ይቀረዋል

…ቆይ፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ። ሳስታውሰው ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። ግን አትቸኩሉ፣ ዋናው መጨረሻ ላይ ነው።

ታላቅ እህቴ ባሏ ከሞተ፣ ልጆቿም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ በዚያ ሰፊ ቤት ብቻዋን ናት። ስሄድ ሬዲዮው ማንም በሌለበት ክፍል ሲለፈልፍ አገኘዋለሁ። "ለማን ነው የከፈትሽው?" ስላት ተነስታ ድምፁን ትጨምረዋለች።

አንድ ቀን ሳሎኑን ጥቁር ሰማያዊ አስቀባለሁ አለች። በጠራራ ፀሐይ መብራት ልታበሪ ነው ወይ ብዬ ቀለድኩባት። ቀለም ቀቢ መጣ፤ ሸምገል ያለ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ የሸሚዙን ቁልፎች በሁለት ዓይነት ክር የሰፋ ሰው። ለአንድ ክፍል ሦስት ቀን ይበቃኛል ብሎ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ስሄድ ያው ሳሎን ውስጥ፣ ያው ግድግዳ ላይ ነው። ምነው አላልቅ አለ ብዬ ስጠይቀው፣ ጥቁር ሰማያዊ አስቸጋሪ ቀለም ነው፣ ሲደርቅ ይሳሳል፣ አንድ እጅ ይቀረዋል አለኝ። እህቴም እውነቱን ነው አለች። እውነትም ብሩሹን ሲያስኬደው ግድግዳው ይጠቁራል፤ ምሳ በልቶ እስኪነሳ ወደነበረበት ይመለሳል።

ምሳውን ደግሞ ብታዩት። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ሬዲዮው ጠፍቶ፣ እሱ እያወራ እሷ እየሳቀች።

ደሜ ፈላ። ይሄ ሰውዬ የዋህ ሴት አግኝቶ ተደላድሏል፣ ነገ ቤቱንም ይጠቀልለዋል አልኩ። "ቀስ በቀስ" የሚል ስም አወጣሁለት። እህቴ ግን ጭራሽ ባሰባት፤ ሥራ ሲያበቃ ቀለሙ እንዳይደርቅበት ብላ ቆርቆሮውን ራሷ ጓዳ ታስገባለታለች፣ ጠዋት ራሷ ከፍታ ታቀርብለታለች። እንዲህ ታከብረዋለች እያልኩ አንጀቴ አረረ።

ትናንት እጁን ሊታጠብ ወጣ ሲል ጣቴን ቆርቆሮው ውስጥ ነከርኩ። ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ምላሴ ላይ ነካ አደረግኩት፤ የቧንቧ ውሃ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት ግድግዳ ሲያጥብ ነው የከረመው።

ቆርቆሮውን አንጠልጥዬ ጓዳ ገባሁ። "እትዬ፣ ይሄ ሌባ ቀለሙ ካለቀ ቆይቷል፣ በውሃ ነው የሚያታልልሽ። ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ" አልኳት።

እህቴ አልደነገጠችም። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው፣ ቆርቆሮውን ከእጄ ተቀብላ ምን ያህል እንደጎደለ አየች፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ እንዳይሰማሽ። ውሃውን የምሞላው እኔ ነኝ።"