ምልክቱ የማይነካው ጀሪካን

አዲሱ የኬሚካሎች ምደባ መመሪያ ሲመጣ በቀለም ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ያሉት ፈሳሾች ምንም አልሆኑም። የተለወጡት ሥዕሎቹ ናቸው። ብርቱካናማው ምልክት ቀርቶ ቀይ ጠርዝ ያለው መጣ፤ ማታ ጨዋ ሆኖ የተኛ የቀለም ማቅጠኛ ጠዋት ካንሰር አምጪ ሆኖ ተነሣ። ፈሳሹ ራሱ ወሬውን አልሰማም።

መመሪያው የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነበር፤ በዕቃው ላይ የተለጠፈውና በውስጡ ያለው ይስማማ። ካልተስማማ ፋብሪካው ይታሸጋል። ሥራ አስኪያጁ ይህንን ለሠራተኛው ሲያብራራ ግን፣ ፋብሪካው ከመታሸጉ በፊት መጋዘን ጠባቂው ይባረራል አለ።

መጋዘን ጠባቂው ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው ነው። ሠራተኛው «ቃል በቃል» ይለዋል። ግድግዳውን ቀባ ቢሉት የተሰቀለውን ሰዓት ጭምር ይቀባል፤ ሰዓቱ ይነሣ አልተባለማ። አሁን ግን እንቅልፍ አጥቷል። ያለ ጡረታ ቢባረር የታመመች ሚስቱን በምን እንደሚያሳክማት አያውቅም።

ሥራ አስኪያጁ የፋብሪካውን ባለቤት ልጅ ያገባ ሰው ነው፤ ሹመቱን ግን በችሎታው እንዳገኘ ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። ትጉህ ነው። ሌላው ምሳውን ሲበላ እሱ ብቻውን መጋዘን ገብቶ ይፈትሻል፤ ፊቱ ፈክቶ፣ ከረሜላ እያላመጠ ይወጣል። ሥራውን የሚወድ ሰው እንዲህ ነው።

የደህንነት ባለሙያዋ ስለ አዲሱ መመሪያ ሠልጥና ገና መመለሷ ነበር። ከቃል በቃል ጋር ሆነው እያንዳንዱን ዕቃ እየከፈቱ፣ እያረጋገጡ ለጠፉ። ጥግ ካለችው ነጭ ጀሪካን ሲደርሱ ሥራ አስኪያጁ ከተፍ አለ። ጀሪካኗ ላይ የራስ ቅል አለ፤ ከሥሩ ሜታኖል ይላል። ሜታኖል መልኩ ውኃ ነው፤ ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ጨመር ሲል ነፍስ ይወስዳል።

«ይቺን እንዳትከፍቷት» አለ። «የራስ ቅሉን በአዲሱ ተኩና ተዉአት።»

ቃል በቃል ውስጡን ሳያዩ መለጠፍ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ።

«የተጻፈውን ታነብ የለ? ሜታኖል ነው። አዲሱ ከተለጠፈ በኋላ ምልክቱን ትነካና ጉድህን ታያለህ።»

ባለሙያዋ ግን ዓይኗን ከጀሪካኗ አልነቀለችም። ፈሳሹ ከቀን ወደ ቀን ይጎድላል። አንድ ሰው መርዝ እየቀዳ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ የሚውለው ቃል በቃል እጅ ነው። ሰውየው ቂም እንደያዘ ሁሉም ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ በየስብሰባው ያዋርደዋል፤ እሱም ሰሞኑን ብቻውን ማጉረምረም አብዝቷል።

ለሥራ አስኪያጁ ሹክ ስትለው ፊቱ ልውጥ አለ። ነገሩን ለእሱ እንድትተውለት፣ በተለይ ለአማቱ እንዳትናገር ለመናት። ነፍሱ አደጋ ላይ ሆኖ እንኳ የፋብሪካውን ስም ያስቀድማል ብላ አደነቀችው።

ቁጥጥሩ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ቃል በቃልን በመስኮት አየችው። ግራ ቀኙን ገላመጠ፤ የጀሪካኗን ክዳን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ባልዲ አነሣ። ማስረጃ ሳልይዝ አልናገርም ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው መጣ። ጉዳት የማያደርሱትን ሁሉ እየከፈተ በጥንቃቄ መረመረ። ጀሪካኗ ጋ ሲደርስ የራስ ቅሉን አየና አፍንጫውን ይዞ ራቅ ብሎ አለፈ። ሁሉም ደንቡን የጠበቀ ነው ብሎ ፈርሞ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ እፎይ አለ። ለዚህ ድል የሚገባው ዕረፍት ነው ብሎ ሠራተኛውን በጊዜ አሰናበተ፤ መጋዘኑን እኔ እዘጋለሁ አለና እያፏጨ ወደ ውስጥ ገባ።

ባለሙያዋ ቃል በቃልን በር ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ትናንት ጀሪካኗን ሲከፍቱ አይቻለሁ። ያን መርዝ ለማን ነው የወሰዱት?»

«የምን መርዝ፣ ልጄ?» አላት ቃል በቃል። «ውስጡ የነበረው ቮድካ ነው፤ ደፋሁት። ምልክቱን አትንካ ተብዬ የለ፣ ሜታኖል ሞላሁበት።»